ቀዩን አረንጓዴ ያደረጉት

ባለቤቴ የጥንካሬ መሐንዲስ ነው። አንድ ብረት የሚጫንበትን ይችላል ወይስ ይሰበራል የሚለውን አስልቶ ይናገራል። ዛሬ የአውሮፕላን በር፣ ነገ የመኪና ወንበር፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ፋብሪካ። ቋሚ ሥራ ያዝ እያልኩ ምላሴ ፀጉር አበቀለ።

አምና አንድ የመኪና ፋብሪካ፣ የኋላ ወንበር ማጠፊያ ብረት ስሌቱን ጨርሶ ከፈረመ በቋሚነት እንደሚቀጥረው ነገረው። ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። በትዳር ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከራየነውን ቤት መስኮት ለክቼ መጋረጃ አሰፋሁ።

ማጠፊያው ግን ጫናውን አልቻለም። ኮምፒዩተሩ ላይ ጫና የበዛበት ቦታ ቀልቶ ይታያል፤ የማጠፊያው አንድ ጥግ ቀይ ሆነ። ብረቱ ይወፍር ቢላቸው የክፍሉ አለቃ ክብደት ይጨምራል ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አለቃው አንዱን አሽቃባጭ አስጠርቶ ቀዩ የሚጀምርበትን ቁጥር ከፍ አስደረገው። ብረቱን ማንም ሳይነካው ሥዕሉ አረንጓዴ ሆነ። እፍረት የሚባል አልፈጠረባቸውም። በል ፈርም አሉት።

ቤት መጥቶ ሲነግረኝ በእሱም ተናደድኩ። ሌላው ሁሉ እየፈረመ አይደል ወይ የሚኖረው፣ አንተ ብቻ ነህ ጻድቁ አልኩት።

«መኪናው ሲጋጭ ከኋላ የተጫነው ዕቃ ወንበሩን ገንጥሎ ልጅ ላይ ይመጣል» አለኝ። «ያኔ ሥዕሉ አረንጓዴ ነበር ልበል?»

አልፈረመም። ኮንትራቱም አልታደሰም። አሽቃባጩ ፈረመና ለባሌ የተባለው መደብ ላይ ጉብ አለ። እኔ ደግሞ መጋረጃዬን አውርጄ ርካሽ ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ማጠፊያው በሙከራ ላይ ተሰበረ፤ ባሌ በነገራቸው ጥግ። አለቃው ደወለ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፤ ለአጭር ጊዜ በኮንትራት መጥቶ፣ ያውም በአሽቃባጩ ሥር ሆኖ፣ እንዲያስተካክለው ጠየቀ። ስልኩን ነጥቄ ልክ ልኩን ልነግረው ስል ባሌ ፊቱን አዙሮ «ሰኞ እመጣለሁ» አለው።

ደሜ ፈላ።

«እንደዚያ አዋርደውህ ትመለሳለህ? ወንድ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ካልሄድኩ እኮ» አለ፣ «የሚያስተካክለው ያው የፈረመው ሰውዬ ነው።»

ንዴቴ ግን የትም አልሄደ። እሁድ ማታ ሸሚዙን እየተኮስኩለት ሁሉንም፣ እሱንም ጨምሬ፣ ስራገም አመሸሁ።