ያልሄደበት አቧራ

ሊወስዱኝ ሲመጡ የአንድ ሚኒባስ በር ነጭ እየረጨሁ ነበር። ቀለም ሲረጭ መሃል ላይ አይቆምም። ከቆመ መስመር ይሠራል፤ መስመሩም መኪናው እስኪያረጅ ድረስ ይታያል። ይህን ለአንደኛው ሳስረዳው በትዕግሥት ሰማኝና «ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አለኝ። በጋራዡ ውስጥ ከእኔ ሌላ ቀለም ቀቢ አልነበረም። እጄን ሳልታጠብ፣ እስከ ክርኔ ነጭ እንደሆንኩ መኪናቸው ላይ ወጣሁ። ያቺን በር ዛሬም አስባታለሁ።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። አሥራ አንድ ሰዎች በሽርጥና በካናቴራ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የብረት በሩ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ክፍት ስለነበረ ንፋስ የምትገባው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ያ ቦታ ሕግ አለው። ከሁሉ በላይ የቆየ እስረኛ ይቀመጥበታል።

እዚያ የተቀመጠው ሽማግሌ ነበር፤ ሾፌሩ ይሉታል። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው አንቱታ ምላሱ ላይ አይቀመጥም፤ እኔም «አንተ» ነበር የምለው፣ አሁንም እንደዚያው ነው የማወራው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ኦራል የሚባለውን ትልቁን የጦር ካሚዮን ይነዳ ነበር። የታሰረው ሻይ ቤት ተቀምጦ በተናገረው ነገር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን እንዳለ ግን ጠይቄው አላውቅም። እዚያ ቤት ሰው ራሱ ካላወራ አይጠየቅም።

ጭኑ ላይ አንድ ነገር ይዟል። መጀመሪያ የሳሙና ካርቶን መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለት እጅ የሚሞላ ኦራል ነው። አካሉ ካርቶን፣ ጎማዎቹ እርስ በርስ የተደራረቡ የለስላሳ ቆርኪዎች፣ የኋላው ሸራ የሽርጥ ቁራጭ። መሪው ሳይቀር አለ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ መኪና ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መኪና አይቼ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከፈትኩ።

«ቀለም ቀቢ ነህ?» አለኝ እጄን እያየ።

«ነኝ።»

«እግዜር ነው የላከህ። አረንጓዴ ቸግሮኛል።»

«እግዜር አይደለም አቦ፤ እነሱ ናቸው የላኩኝ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ከታሰርኩ በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ያ ነበር።

አረንጓዴውን አብረን አገኘነው። ሚስቴ ምሳ ስትልክ «ለሆዴ ነው» ብዬ ከቀፊራ ገበያ እርድና ጥሬ እንቁላል እንድታክልልኝ አስነገርኳት። ሰማያዊው ከአንድ እስረኛ እስክሪብቶ ወጣ። ቢጫውን በሰማያዊው ላይ ጥቂት በጥቂት ስጨምር፣ በእንቁላል ነጭ ስለውሰው፣ በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ እውነተኛው የወታደር አረንጓዴ ብቅ አለ። ሾፌሩ ክዳኑን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለው። ብሩሹን ከገዛ ጸጉሩ በክብሪት እንጨት ላይ አስሮ ሠርቶት ነበር።

ቀለሙ ሲደርቅ እኔ ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። ለካ ገና መጀመሩ ነው። ሾፌሩ ያን የመሰለ ንጹሕ መኪና ያረጀው ጀመር። ከበሩ ማጠፊያ ዝገት ፍቆ በሻይ በጠበጠና ውሃ የሚተኛባቸውን ማዕዘኖች ሁሉ ነካካ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ወስዶ ጭስ ማውጫውን አጠቆረ። መወጣጫው ላይ፣ ጫማ የሚያርፍበትን ብቻ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ላጠው። የሸራውን ግራ ጎን ከቀኙ ይልቅ አነጣው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር የማቆመው። ፀሐይ በዚህ በኩል ነው የምትመታው» አለኝ። በመጨረሻም በበሩ ሥር ንፋስ ከበረሃው እየገፋ የሚያስገባውን አመድማ ብናኝ በመዳፉ እየሰበሰበ የጎማውን መከለያ አለበሰው። ለካ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ለንፋሱ ብቻ አልነበረም።

እኔ ዕድሜ ልኬን አሮጌውን አዲስ ሳስመስል ነው የኖርኩት። የሰውን መኪና ጠባሳ በስቱኮ ደፍኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ምንም እንዳልደረሰበት አድርጌ አስረክባለሁ። ይህ ሰው ግን የካርቶን መኪና ላይ አንድ ሙሉ ዕድሜ ይጽፍ ነበር። ወላሂ፣ ታስሬ መሆኔን የምረሳባቸው ሰዓቶች ነበሩ።

ቀኝ በሩ መስኮት ላይ፣ አረንጓዴው አልቆ ካርቶኑ እስኪታይ ድረስ የፈተጋት አንዲት ነጥብ ነበረች።

«ይቺስ?»

«የረዳቴ ክንድ ናት። እኔ ስነዳ ክንዱን እዚህ ጣል አድርጎ ይዘፍናል። ሲያዘፍነው ደግሞ አያሳርፍህም።»

«አሁን የት ነው?»

«አንድ ቀን ብቻዬን ተመለስኩ» አለና ብሩሹን አነሳ።

ስለ እኔ ጉዳይ ደግሞ ልናገር። ከመታሰሬ ሁለት ሳምንት በፊት የሰፈራችን አስተማሪ ነጭ ፒክአፑን አምጥቶ ግራጫ አስቀብቶኛል። ሰው ቀለም ሰልችቶኛል ካለ እቀባለሁ፤ ሥራዬ ነው። መርማሪው የሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን ሌላ ነገር ተጽፏል። መኪናውን ሆን ብዬ ለመደበቅ እንደቀባሁት፣ ከአስተማሪው ጋርም ጀልዴሳ ድረስ ነድቼ ለሚፈለጉ ሰዎች እንዳስረከብኩት ይላል። መርማሪው ክፉ አነጋገር አልነበረውም። ውሃ ሰጠኝ።

«አንተን ማን ፈለገህ? ፈርምና ምስክር ትሆናለህ። ምስክር ቤቱ ነው የሚያድረው።»

«አስተማሪውስ?»

«የእሱን ለእኛ ተወው። እስከ ዓርብ አስብበት።»

በዚያው ሳምንት እሑድ የትልቋ ልጄ ኒካ ነበር። ኒካ ላይ ልጁን የሚሰጠው አባት ነው። ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ሽማግሌ ፊት፣ «ሰጥቼሃለሁ» የሚለው እኔ ነበርኩ። ሱፌ ተሰፍቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። መርማሪውም ይህን ያውቅ ነበር።

ልፈርም ወሰንኩ። አሁን ላይ ሆኜ አልወሰንኩም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ግን ወስኜ ነበር። አስተማሪው ወጣት ነው፣ ይችለዋል አልኩ። ሌላው ሰው ሲታሰር የሚችለው የሚመስለን ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ ልብስ ሊያጥብ ወጣ። ኦራሉን «ያዝልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ልቤ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ እጄ ግን የለመደውን ሠራ። እፍ አልኩበት። በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት። በተረፈው አረንጓዴ የተላጠውን ቦታ ሁሉ ደፈንኩ። በላዩም የእንቁላል ነጭ ሳብኩበት። ሙሽራ የሚጫንበትን መኪና በስንት ሠርግ ዋዜማ እንዲህ አብለጭልጬ አስረክቤያለሁ! ወደ ራሴ ስመለስ ኦራሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ያበራል። የረዳቱ ክንድ የለም።

ደነገጥኩ። የቤቱ ግድግዳ ከሥሩ ጡብ ነበረና ቶሎ ቶሎ ቀይ አቧራ ፍቄ ጎማው ላይ መነስነስ ጀመርኩ። ሾፌሩ እርጥብ ሽርጡን ይዞ የገባው በዚህ መሃል ነው። ቆሞ አየኝ።

«ምን አደረግክ?»

«ወላሂ ሳላስበው ነው። እጄ ነው አቦ። ይኸው እየመለስኩት ነው፤ አቧራውን ጨምሬበታለሁ።»

ተቀምጦ ኦራሉን ተቀበለኝ። በጣቱ ጎማውን ነካና ጣቱን በበሩ ሥር ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋው።

«ይሄ ቀይ ነው።»

«አቧራ አቧራ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ማን ይለየዋል?»

«እኔ ለጦሩ ውሃ ያመላለስኩት በሽንሌ በኩል፣ በበረሃው ነው። አመድ ነው አፈሩ። ይሄ መኪና ቀይ አፈር ረግጦ አያውቅም።» ጣቱን በሽርጡ ጠረገና «ያልሄደበትን አቧራ አልቀባበትም» አለኝ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እርጥቡን ሽርጥ ጨመቀና የሦስት ሳምንት ሥራውን፣ የእኔንም የራሱንም፣ እያባበሰ አነሳው። ካርቶኑ እንዳይርስ በትንሽ በትንሹ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ነበር የሚይዘው። ከዚያ ክዳኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «አረንጓዴ በጥብጥ» አለኝ። እስከ ማታ እራት ድረስ እኔ በጠበጥኩ፣ እሱ ቀባ። እርድና ሰማያዊውን እያማሰልኩ ዓይኔ በእንባ ተሞላ። አሥራ አንዱም ሰዎች አዩኝ፤ አንዳቸውም አላዩኝም።

ዓርብ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ዋሪያ፣ ቀለም ቀቢው! ና ውጣ» አለ። ሾፌሩ ቀና ብሎ አላየኝም፤ የጎማውን መከለያ እየቀባ ነበር። ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

መርማሪው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«እዚህ ጋ ብቻ ፈርም።»

«ጀልዴሳ ሄጄ አላውቅም» አልኩት።

«እዚህ ላይ ሄደሃል።»

«ወረቀቱ ሄዶ ይሆናል። እኔ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«የልጅህ ኒካ እሑድ አይደለም?»

«ነው።»

አየኝ፤ እኔ ደግሞ እጄን አየሁ። ጥፍሬ ሥር ያ የሚኒባሱ ነጭ ቀለም ገና አልለቀቀም። መርማሪው እስክሪብቶውን ከድኖ ኪሱ ከተተ። ጀግና አልነበርኩም፤ እስከ እሑድ የቀሩትን ሰዓቶች እየቆጠርኩ ነው የተመለስኩት።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወንድሜ በእኔ ቦታ ተቀምጦ ልጄን ሰጠ። ይህን ሰዓቱን ቆጥሬ አወቅሁት እንጂ የነገረኝ የለም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ ነበር። ሾፌሩ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ከበሩ ሥር ካለው ቦታው ተነስቷል፤ በአራት ወር ውስጥ ለሽንትና ለልብስ አጠባ ካልሆነ ለቆት የማያውቀውን ቦታ።

«ተነስ፣ እዚያ ተቀመጥ።»

«ተራዬ አይደለም።»

«የሙሽራ አባት በር ላይ ሆኖ ነው እንግዳ የሚቀበለው።»

ተቀመጥኩ። ንፋሷ እግሬን ነካችኝ። ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ሸሚዝ ያለው ሸሚዙን ለብሶ፣ የሌለው ሽርጡን አስተካክሎ። ከወዲያኛው ግድግዳ እስከ በሩ ያለችውን ስምንት እርምጃ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው በዝግታ እየተራመዱ መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «መብሩክ» አለኝ አንዱ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ ሌላው። መጨረሻ ላይ ሾፌሩ መጣ። ስንት ሠርግ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የተከበርኩበት ሠርግ ግን የለም።

አምስት ወር ታሰርኩ። ሌላ ቦታ ታስሮ የነበረው አስተማሪም ከእኔ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ተፈታ፤ ፒክአፑ አሁንም ግራጫ ነው። ሾፌሩን ከእኔ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ሲጠሩት ሽርጡን ጠቀለለ፣ ኦራሉን እጄ ላይ አኖረና «ያዝልኝ» አለኝ፤ እንደዚያ ሐሙስ ቀን። የረዳቱ ክንድ ቦታዋ ላይ ነበረች።

ስወጣ የበሩ ፈታሽ ኦራሉን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምንድነው?» ብሎ በአውራ ጣቱ ሊጠርግ ሲል «አትንካው!» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ለመፈታት ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ፈታሹም ደንግጦ መለሰልኝ።

ዛሬ ጋራዤ ውስጥ፣ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ በላይ፣ መደርደሪያ ላይ ነው። ሥራዬ ያው ነው፤ አሮጌውን አዲስ አስመስላለሁ። አሁን ግን የሰው መኪና ከመፋቄ በፊት መስኮቱ ላይ ክንድ ያረፈበትን ቦታ ፈልጌ አያለሁ፤ የማን ክንድ እንደነበረም ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ሰዎች ያወሩኛል።

ሾፌሩ የት እንዳለ አላውቅም። ብዙ ጠይቄያለሁ። ኦራሉን በነጭ ላስቲክ ሸፍኜ፣ ጠርዙን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። የጋራዡ ሠራተኞች «ይሄ ሰውዬ አቧራን ከአቧራ ይጠብቃል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንድ ቀን ሾፌሩ በዚያ በር ሲገባ፣ ጣቱን ጎማው ላይ አሳርፎ ወደ ብርሃን ያስጠጋዋል። የድሬ አቧራ እንዲያገኝበት አልፈልግም።