ለስድስት ወር የታሸገ ካፖርት

በሁለት የሩቅ አገሮች ጠብ የተነሳ አንድ ሳጥን ሙሉ ካፖርትና አንዲት ሰጋር በቅሎ አጥቻለሁ። አገሮቹን አላየኋቸውም፤ እነሱም እኔን አያውቁኝም።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ልባሽ ጨርቅ እሸጥ ነበር። ደጋውን ብርድ ስለማይለቀው ዋናው ገበያዬ የሱፍ ካፖርት ነው። ግንቦት ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነጋዴውን ሰብስቦ፣ ባሕር ማዶ አንዱ አገር ሌላውን መውረሩን፣ የኔም የገበያውም ካፖርት ሁሉ የሚመጣበት አገር ደግሞ ለወራሪው መሣሪያ ማቀበሉን ነገረን። ስለዚህ የዚያ አገር ሸቀጥ በአስቸኳይ ለስድስት ወር እንዳይሸጥ ታገደ። ግራ እጃችንን አውጥተን «ይውደም!» አልን። እኔም ጮኼ አልኩ፤ ቀኝ እጄ ግን ኪሴ ውስጥ የሳጥኔን ቁልፍ ጨብጣ ነበር።

ቁልፉም አልጠቀመኝ። ሳጥኑን በገመድ ጠፍረው፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም አፍስሰው፣ ማኅተም መትተው እዚያው ሱቄ ውስጥ ተውልኝ። በርጩማ አደረግኩት።

በዚያው ሰሞን አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ደንበኛዬ ለልጁ ሚስት አጨ። የልጅቱ አባት ታዲያ በጥሎሹ ላይ ለራሱ ካፖርት ጨመረበት። ጎረቤቱ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ካፖርት አለው፤ በየለቅሶው ለብሶት ሲንጎራደድ ማየት ሰውየውን አሳርሮታል። ካፖርት ከሌለ ልጅ የለም።

ሽምግልናው ላይ እኔም ተጠራሁ።

«ካፖርትህ ጉልበቴን ያልፋል?» አለኝ የልጅቱ አባት።

«አያ፣ ተረከዝዎን ካልነካ ይመልሱልኝ።»

«አዝራሩስ?»

«ሁለት ረድፍ።»

«ሸጋ። ምነው ዛሬ አላመጣኸው ታዲያ?»

«እስከ ኅዳር ታሽጓል። ሰርጉ ጥር አይደለም እንዴ?»

«ዋስ ጥራ!»

ዋስ ፍለጋ ዞር ዞር ብል ሽማግሌው ሁሉ ጠላውን መመርመር ጀመረ። «እኔው ዋስ ነኝ፤ ካፖርቱ ካልመጣ በቅሎዬን ይውሰዱ» አልኩ። ሰውየው ደጅ የታሰረችውን በቅሎዬን ቀና ብሎ አያትና «ይሁን» አለ። ስድስት ወር ሲሉኝ ስድስት ወር መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ተሰበሰብን።

«ግጭቱ ስላልቆመና ሥጋቱም ስላልተወገደ እገዳው ለስድስት ወር ተራዝሟል» አለ ሊቀመንበሩ።

እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዎቹ መቼ እንደሚታረቁ የተሰማ ነገር አለ? ሰርግ ስላለብን ነው።»

«የማን ሰርግ?»

«የአምባ ጊዮርጊስ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «የዓለም ሁኔታ በአምባ ጊዮርጊስ ሰርግ አይወሰንም!»

የአምባ ጊዮርጊስ ሰርግ ግን በዓለም ሁኔታ ተወሰነ። የልጅቱ አባት «እነሱ ካራዘሙ እኔም አራዝሜያለሁ፤ ለከርሞ ጥር! ያኔም ከሌለ ልጄን ሌላ ጠይቋታል» ብሎ ላከብን።

ሙሽራው በየቅዳሜው እየመጣ ሳጥኑን እንደ ታመመ ዘመድ ይጠይቀው ጀመር።

«ምነው፣ አልታረቁም?»

«ገና ናቸው።»

«እነሱ አገር ሽማግሌ የለም?»

ሰሙን በጋለ ቢላ ማንሳት አያቅተኝም ነበር፤ ግን ጊዜው በሰም ነገር ሰው የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ተቀመጥኩበት። ግንቦት ላይ እንደገና ተራዘመ። በሁለተኛው ኅዳር ድንገት «ተነሥቷል» ተባለ። ማን ከማን እንደታረቀ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሙሽራው ሊቀመንበሩን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው።

ገመዱን ሊቀመንበሩ ራሱ ቆረጠው። ክዳኑ ሲነሣ ብል እንደ እብቅ ቦነነና ፊቱ ላይ በረረበት። የላይኛውን ካፖርት ኮሌታውን ይዤ ሳነሣው ኮሌታው ብቻ መጣ።

«ምነው፣ ናፍታሊን አታደርግበትም ነበር?» አለኝ ፊቱን እየጠረገ።

«ጓድ፣ ማኅተሙን ማን ይፍታልኝ?»

«ብሉ ስብሰባ አልተጠራ፤ በምን ይወቅ!» አለ አንድ ጎረቤቴ ከኋላ።

የሌሎቹ ነጋዴዎች ሳጥንም ከኔ አልተሻለ፤ አዲስ ጭነት ደግሞ ለጥር አይደርስም። ሙሽራው ኮሌታውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። በቅሎዬን ፈታሁና በወለቃ በኩል፣ ከሙሽራው ጋር ሽቅብ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። አልጋለብኳትም፤ የሰው ናት።

የልጅቱ አባት ደጁ ላይ ጠበቀን። «ካፖርቱስ?»

እፍኝ አዝራር ዘረገፍኩለት። «ሁለት ረድፍ ብዬ አልነበር? ይኸው።»

አዝራሩን አየ፣ ሙሽራውን አየ፣ በቅሎዋን ዞራት። ከዚያ ወደ ባለካፖርቱ ጎረቤቱ ግቢ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ተመለከተ።

«እሱ በቅሎ የለውም» አለና ልጓሟን ተቀበለኝ።

ጥር ላይ ተሰረገ። እኔ በአውቶቡስ ሄጄ በአውቶቡስ ተመለስኩ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ክርስትና እንዳነሣው ላኩብኝ።

ካፖርት የለኝም። በቅሎ የለኝም። አንድ የክርስትና ልጅ አለኝ።