ደሳለች የተቀበለችው ስንኝ

በሽሮ ሜዳ ያለ ሸዋገነት የሚደምቅ ሠርግ አልነበረም። ድንኳኑ ተተክሎ፣ በሬው ወድቆ፣ ጠላው ተቀድቶ እሷ ካልደረሰች እንግዳው ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ብቅ ስትል ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ እስክታስር እንኳ የሚታገሣት የለም፤ ሴቱ ሁሉ መዳፉን ማሟሸት ይጀምራል። ድምፅዋ ወፈር፣ ሻከር ያለ ነው። አድናቂዎቿ እንጦጦ ማርያም ድረስ ይሰማል ይላሉ። ይህ ማጋነን ነው፤ የጎረቤት ሕፃን መቀስቀሱን ግን የሚክድ የለም።

አውጪ የሚሏት ናት። አውጪዋ ግጥሙን ታወጣለች፣ ተቀባዩ የመጨረሻውን ስንኝ አንሥቶ ደጋግሞ ይመልስላታል። ተቀባይ አያስብም፣ ለማሰብም ጊዜ የለውም። ጭብጨባው ይጠራዋል፣ አፉ ይከፈታል፣ የተባለውን ይላል። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም በዚህ ነው።

እንጀራዋ ግን ዘፈን አልነበረም። ባሏ ልጅ ሳያስቀርላት ሲሞትባት ምን ሠርታ እንደምትኖር ግራ ገብቷት ነበር። ያን ጊዜ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ያስገባቻት ጎረቤቷ ደሳለች ናት። የደሳለች ባል አቶ ሾዴ ሸማኔ ነው፤ ሁለቱም ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ሾዴ ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሠራል፣ ደሳለች ትፈትላለች። ነጠላው ሲወርድ ጫፉ ላይ የሚቀረውን ክር እየገመደ የሚቋጭ ሰው ያስፈልግ ነበርና ያን ሸዋገነት ያዘች። ጣቶቿ ለሥራው የተፈጠሩ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አንድ አጥር ተደግፈው፣ አንዷ ስታማ ሌላዋ እየሳቀች፣ «አንቺ ሸዬ»፣ «አንቺ ደስዬ» እየተባባሉ ኖሩ። ደሳለች በሌለችበት ቤት ሸዋገነት እህል አይወርድላትም ቢባል ውሸት አይሆንም።

የደሳለች ልጅ አለማየሁ አዲሳለም የምትባል ልጅ ወዶ የልጅቷ አባት እምቢ ባሉ ጊዜ፣ ደጃቸው ተመላልሳ ያስታረቀችውም ሸዋገነት ነበረች። አባትየው አቶ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ፤ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ልጁን አልጠሉትም፤ የአባቱን ሥራ ነው የጠሉት። ሸማኔ ቤት ልጅ መስጠት ለእሳቸው ከጨዋነት መውረድ ነው። ሸዋገነት ወተወተቻቸው፣ ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው። በመጨረሻ «እንግዲህ ጊዜው ነው» ብለው ተነፈሱና ሰጡ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነበር፤ ዘር መቁጠር በአዋጅ የተነቀፈበት። ደሳለች ያን ቀን ሸዋገነትን አቅፋ ያለቀሰችው ለቅሶ እናቷ ከሞት ብትነሣላት የምታለቅሰው ዓይነት ነበር።

ሠርጉ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ሆነ። የሙሽራይቱን ቀሚስ ሾዴ ራሱ ሠራው፤ ሸዋገነት ነጠላዋን ቋጨች። ቀበሌው ድንኳኑን ፈቅዶ፣ እግረ መንገዱንም ድግሱን እንዲታዘብ የሰፈሩን ልጅ ዓምሃን ልኮ ነበር። አሁን ጓድ ዓምሃ ነው፤ የቀበሌው የኪነት ቡድን በእሱ እጅ ነው። ጓድ ዓምሃ ታዘበ፣ ጥሬ ሥጋም በላ፣ ከበሮው አጠገብም ቆመ።

ሙሽሮቹ ዘገዩ። ሰዓት እላፊ አለና እንግዳው ከአሁኑ ስለ መሄድ ማሰብ ጀምሯል። ስለዚህ ሙሽራይቱ እንደ ገባች ሸዋገነት ዜማውን አፈጠነችው፤ ደስታውን በቀረው ጊዜ ልታደርስ። ስንኞቿ እንደ ክር ናቸው፣ አንዱን ስትስበው ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ከአክስቷ የተማረቻቸው ናቸው፣ አክስቷም ከአክስቷ። ምን እንደሚሉ ካሰበች ዘመናት አልፈዋል። ሙሽራ ታወድሳለች፣ ሚዜ ታሾፍበታለች፣ ቀጠለችና፦

ስንቱ ደጇን ጠንቶ፣ ስንቱ ለምኖ አጣት፣
ለሸማኔ አልሆነች፣ ጨዋ ነው ያመጣት።

ድንኳኑ ተቀበለ። «ለሸማኔ አልሆነች፣ ጨዋ ነው ያመጣት!» እያለ፣ እያጨበጨበ፣ ሾዴ የሠራውን ነጠላ እንደ ለበሰ። ከሁሉ ፊት ደሳለች ነበረች። አፏ በሰፊው ተከፍቶ፣ ፊቷ በደስታ እንደ በራ፣ ስንኙን ሁለት ጊዜ አለችው። ሁለተኛው ሲያልቅ መዳፎቿ ሊገናኙ ሲሉ መንገድ ላይ ቆሙ።

ሸዋገነት ያን ጊዜ ሰማችው። ስትለው አልሰማችውም፤ ከደሳለች አፍ ሲመለስ ነው የሰማችው። ሾዴ ጠላ ሊቀዳ ያነሣውን ማንቆርቆሪያ እንደ ያዘ ቆሟል። አለማየሁ ወደ መሬት ያያል። አቶ ገብረ ሚካኤል እንኳ አፈሩ። ከበሮ መቺው ግን ምንም አልገባውምና መምታቱን ቀጠለ፣ እሷም ሌላ ስንኝ ጎትታ ደረበችበት፤ ዘፈኑ አልተቋረጠም። ማንም ምንም አላላትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ የሚቋጭ ነጠላ ልትወስድ ሄደች። ደሳለች ነጠላውን ጫፍና ጫፉ ሳይዛነፍ አጥፋ ሰጠቻት። «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሸዋገነት» አለቻት። ከአንቺ ወደ እርስዎ መውጣት ለሌላ ሰው ክብር ነው፤ ሸዋገነት በር የተዘጋባት ያህል አመማት። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልመጣም። ያ ሁሉ ስንኝ የሚፈልቅበት አፍ ለአንዲት ይቅርታ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልሆነላትም። የቋጨችውን ትፈታለች፣ የፈታችውን ትቋጫለች። አዲሱ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ሄዳ ጎመን ይዛ ትመለሳለች። እንጦጦ ማርያም ልትሳለም ዳገቱን ትጀምርና እመቤቴን ምን ብዬ ላናግራት ብላ ከመንገድ ትመለሳለች። ሰው ሰላም ሲላት ሰላምታው ውስጥ ሽሙጥ ትፈልጋለች። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ የደሳለች ሳል ሲሰማ ሥራዋን ጥላ ትነሣለች፤ ልትሄድ ትልና ደግሞ ትቀመጣለች።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ወይም ከዚያው ከድንኳኑ ከዓምሃ ጋር ሄዶ ነበር፣ አሁን ገና ተነሣ። የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ሁለቱንም ሴቶች ጠራቸው። በዚያ ዘመን ቀበሌ የተጠራ ሰው ጋቢ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አዳሩ የት እንደሚሆን አይታወቅምና። ሸዋገነትም ጋቢዋን ያዘች። ሾዴ የሠራው ነው።

ዓምሃ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ስለ ፊውዳል ቅሪት፣ ሠርቶ አደሩን ስለሚያንቋሽሹ አድኃሪ ግጥሞች ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ደሳለች ትመሰክራለች፣ ሸዋገነት በሰፈሩ ስብሰባ ፊት ትቆማለች፣ ከዚያ ትታሰራለች። ትምህርት ይሆናል። ሲጨርስ ድምፁን አለስልሶ ወደ ደሳለች ዞረ።

«እማማ ደሳለች፣ ያለችውን ብቻ ይንገሩን። ለሌላው እኛ አለን።»

ሸዋገነት ወለሉን ታያለች። እውነቱን ለመናገር መታሰሩን ያን ያህል አልፈራችውም፤ የፈራችው ደሳለች ስትመሰክርባት መስማቱን ነው።

«እሷ አንዴ አለችው» አለች ደሳለች በመጨረሻ። «እኔ ሁለቴ አልኩት። ተቀባይ ሁለቴ ነው የሚለው። ጥፋቱ በማለት ከሆነ የእኔ ይብሳል፣ እኔን እሰሩኝ።»

«እርስዎማ ተበዳይ ነዎት…»

«አንተም ነበርክ። ከበሮው አጠገብ። አንተም ሁለቴ ብለሃል፣ ዓምሃ። ደግሞ ድምፅህ ያምራል።»

በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ጥበቃ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ እሱም ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ዓምሃ ወረቀቱን አገላበጠ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። በመጨረሻ ለወደፊቱ እንዲጠነቀቁ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ላይ አስጠንቅቆ ለቀቃቸው።

መንገድ ላይ ሸዋገነት እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ደሳለች ክንዷን ይዛ አቆመቻት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለቻት። «ስንሰደብ ኖረናል፣ ስድብ አዲስ አይደለም። ሰው ቢሰድበኝ ሰማሁ ብዬ እተኛለሁ። እኔ ግን በገዛ አፌ፣ በልጄ ሠርግ፣ ባሌ እየሰማ፣ ደስ ብሎኝ አልኩት። እርስዎ ነዎት አፌ ውስጥ ያስገቡት። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ይህን ብላ ቀድማት ሄደች።

ሸዋገነት ቤቷ ገብታ የምታውቃቸውን ስንኞች ሁሉ፣ ከዜማው ለይታ፣ በቃል ብቻ ማለት ጀመረች። ያለ ጭብጨባ ሲሆኑ ሌላ ናቸው። አንዱ ሸክላ ሠሪዋን ይነካል፣ አንዱ ጠይሟን፣ አንዱ የእንጀራ ልጅን። ስትቀጥል አንዱ ጋ ደረሰች፤ ማሕፀኗ ያልተከፈተላትን ሴት የሚያሽሟጥጥ። ይህን ስንኝ በስንት ሠርግ ላይ አውጥታዋለች፣ እየሳቀች፣ ወገቧን ይዛ። እሷ ራሷ አልወለደችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፣ ለደሳለች ይሁን ለራሷ ሳትለይ።

ከዚያ በኋላ አልዘፈነችም። ሠርግ ሲጠሯት ጉሮሮዬን አመመኝ ትላለች። ሰፈሩ ብዙ አወጣ ብዙ አወረደ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ፣ ቀበሌ አስፈራራት ያለም አለ። ነጠላ መቋጨቷን ግን አልተወችም። ደሳለች ሥራውን አልከለከለቻትም፣ እርስዎ ማለቷንም አልተወችም። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

ጥቅምት ሲገባ አዲሳለም ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ደሳለች አጥሩን ዞራ መጣችና ሳትቀመጥ በሩ ላይ ቆመች።

«ሐሙስ ክርስትናው ነው» አለች። «አንቺ ታወጪያለሽ።»

ሸዋገነት የያዘችው ክር ከእጇ አመለጠ። አፌን አላምነውም አለቻት።

«እኔም አላምነውም» አለች ደሳለች። «ሰምቼ ነው የምቀበለው።»

ሐሙስ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሸዋገነት መካከል ቆመች፤ እጆቿ የት እንደሚቀመጡ ጠፋቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሳትተኛ ያዘጋጀችው አንድ ግጥም ነበራት፣ መካሻ ይሆናል ያለችው። ጉሮሮዋን ጠረገችና አወጣችው፦

ዘሩ ከባላባት፣ ሐረጉ ከጌታ፣
ለሾዴ የልጅ ልጅ ይገባል እልልታ።

መዳፎች ሊያጨበጭቡ ተነሡ፣ ግን ሁሉም አስቀድሞ ደሳለችን አየ። ደሳለች ስንኙን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ውሸት ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «እልልታ ለማግኘት ጌታ መሆን የለበትም።»

የተነሡት መዳፎች ወረዱ። ሸዋገነት መሬት ብትውጣት በወደደች። ያዘጋጀችው ሌላ ስንኝ የላትም፤ የአክስቷን ስንኞች ደግሞ ከእንግዲህ አትነካቸውም። ዓይኗ መሸሻ ሲፈልግ ጥግ ላይ ሾዴን አየች። እስከ ቀትር ሲሠራ ነበር፣ የጉድጓዱ አቧራ ከሱሪው ገና አልለቀቀም፤ ሕፃኑን ይዞታል። ያየችውን አለችው፣ ቀስ ብላ፣ እየፈራች፦

ከጉድጓዱ ወጣ፣ እግሩን አራገፈ፣
ሾዴ የልጅ ልጁን በጋቢው አቀፈ።

ማንም አላጨበጨበም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያጌጥ የኖረው ከዚያ ጉድጓድ በወጣ ልብስ ነው፤ ጉድጓዱ ግን በዘፈን ሲጠራ የሰማ ሰው አልነበረም። ደሳለች ስንኙን በከንፈሯ፣ ድምፅ ሳታሰማ ሞከረችው። ወደ ባሏ አየች። ሾዴ ሕፃኑን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«ሾዴ የልጅ ልጁን…» ብላ ጀመረች ደሳለች፣ መዳፎቿም ተገናኙ። ቤቱ ተከተላት። ሁለት ጊዜ ሳይሆን እስኪበቃው ድረስ ደጋግሞ ተቀበለው።

ሸዋገነት ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርግ አውጥታለች፤ እስክታረጅ አውጥታለች። ነገር ግን በሽሮ ሜዳ እሷ ያወጣችውን ማንም ወዲያው አልተቀበለም። ስንኙን ስትጨርስ ድንኳኑ ለአፍታ ዝም ብሎ ይመዝነዋል። የማያውቅ እንግዳ ዘፈኑ የጠፋባቸው ይመስለዋል። እሷ ግን በዚያች አፍታ ነጠላዋን ጨብጣ፣ ተቀባዮቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትጠብቃለች።