የሀሩን እናት ላም

አሊማ አሰብ ከመጣች አራት ዓመት አልፏታል፤ ውሃውን ግን ልትለምደው አልቻለችም። በእንስራ ሞልታ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሳ ከደጃፉ ጥላ ሥር ብታስቀምጠውም፣ ያው ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ነው። ያገሯ የደጋማዋ ቢስቲማ ምንጭ በቅዝቃዜው ጥርስ ያሳምም ነበር። በክረምት ጉሙ እስኪነሳ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም፤ ሰው የሚታወቀው በሳሉ ነው።

“ዘንድሮ አገር ቤት እንገባለን አይደል?” ትለዋለች ባሏን ጀላሉን።

“ኢንሻአላህ፣ ከክረምቱ በፊት።”

በ1951 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግን እግሩ ተሰበረ። ጀላሉ የወደብ ኩሊ ነው። የፌሮ እስር ከመርከብ ሲወርድ ገመዱ ተበጠሰና ብረቱ ቀኝ እግሩ ላይ አረፈ። ዕቃ ማውረጃውን ዊንች ያንቀሳቅስ የነበረው አብሮ አደጉ ሀሩን ነበር። ሀሩን ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ እስከ ሆስፒታሉ በር ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ግን፣ አርብ አርብ ምሳ አብሯቸው ይበላ የነበረው ሰው ዝር አላለም።

ጀላሉ እግሩ በጄሶ ታሽጎ የገመድ አልጋው ላይ እንደተጋደመ የካምፓኒው ሰው መጥቶ ጠየቀው።

“ከሥራ ወጥቼ መንገድ ላይ ወደቅሁ” አለ ጀላሉ።

ሰውየው እንደ ቃሉ ጽፎ ሄደ። ያዩት ኩሊዎችም ነገሩ ስለገባቸው አፋቸውን ያዙ።

አሊማ ሰውየው እስኪርቅ ጠበቀች። “ምን ማለትህ ነው?”

“ዝም በይ። የሀሩን እናት ያለቻት አንዲት ላም ናት።”

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ባገራቸው ሰው ሰውን ሲጎዳ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የጎዳው ወገን ካሳ ይከፍላል። ሀሩን ደግሞ ከእናቱ በቀር ወገን የለውም።

ወሩ አለቀ። ደሞዙ ተቋረጠ፤ ያገር ቤቱ ጉዞም ራቀ። አንድ ጧት ጎረቤቷ የጉምሩክ ጸሐፊው አቶ ብዙነህ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ “ካምፓኒው ምን አለ?” ሲሏት መዋሸት አልሆነላትም፤ ላሟን ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሳቃቸው መነጽራቸውን አስወለቃቸው።

“ካምፓኒው የሴትዮዋን ላም ምን ያደርጋታል? አሰብ ላይ ሣር የለ፣ ጨው ሊያስልሳት ነው?”

“አይሳቁብኝ እንጂ፣ ጋሽ ብዙነህ።”

“እሺ አልስቅም፤ ስሚኝ። አዲሱ የሠራተኛ ሕግ ሽምግልና አይደለም። ያጠፋው ማነው ብሎ አይጀምርም። ሰውየው የተጎዳው ሥራ ላይ ነው ወይ? ይላል። ከሆነ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከሀሩን ኪስ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም።”

“አያባርሩትም?”

አቶ ብዙነህ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። “እሱን አልምልልሽም። ብቻ ጀላሉ በገዛ አፉ ሌላ አስጽፏል። ያንን የሚያፈርስ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ያስፈልጋል።”

ለጀላሉ ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “ሀሩን ከመጣ ይምጣ። ካልመጣ ግን እንዳትወቅሺው።”

ቀትር ላይ ወደ ወደቡ በር ሄደች። ሀሩን በተደረደረ ጆንያ ጥላ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

“ተቀመጥ፤ ላም ልነዳ አልመጣሁም” አለችው።

ሁሉንም ነገረችው። ሀሩን ዳቦውን ጆንያው ላይ አስቀመጠ።

“ገመዱ ተበልቶ ነበር” አለ። “ጧት ለአለቃችን ለካቦው ነግሬዋለሁ፤ ‘ዛሬን ይሥራ’ አለኝ።”

“ታዲያ ይህን ተናገራ!”

“ብባረርስ?”

“ብትባረር አብረን እንራባለን።”

“ጥሩ ግብዣ ነው!” አለ ሀሩን። ሳቅ እንዳማረው ዓይኑን እንባ ሞላው።

በማግስቱ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ቢሮ ገባና ቃሉን ሰጠ። ሌሎች ሁለት ኩሊዎችም ተከተሉት። አላባረሩትም፤ ከዊንቹ አንስተው ጆንያ ተሸካሚ አደረጉት። የጀላሉም ወረቀት “በሥራ ላይ” ተብሎ ተስተካከለ። አርብ ሲሆን ሀሩን ትከሻውን እያሻሸ ለምሳ መጣ። ጀላሉ ከፊቱ ያለውን ሥጋ ወደ እሱ ገፋ።

ከዚያ ወዲያ አሊማ አገር ቤት ለመግባት ጓዟን መጠቅለል ጀመረች። የትዳር ሳጥኗን ወለወለች፤ ነጠላዋን አጥባ አጠፈች። አቶ ብዙነህ ወረቀቱን ሊያነቡላቸው የመጡት ይህን እያደረገች ሳለ ነው።

“እስኪድን የደሞዙ እኩሌታ ይሰጠዋል” አሉ። “ዋናው ካሳ ግን የሚቆረጠው ጄሶው ወልቆ፣ ሐኪሙ አረማመዱን አይቶ፣ እግሩ ምን ያህል እንደጎደለ ሲወስን ነው። እስከ ጥቅምት ከአሰብ መውጣት የለበትም።”

“እስከ ጥቅምት?” አለች አሊማ። “ክረምቱ ያልፋል ማለት ነው።”

“ያልፋል” አሉ አቶ ብዙነህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጀላሉ ከአልጋው ቀና አለ። “ብቻሽን ሂጂ፣ እኔ እደርሳለሁ።”

“በአንድ እግርህ ውሃ ልትቀዳ ነው?” አለችውና ነጠላዋን መልሳ ዘረጋችው።

በነጋታው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ደሴ የሚወጣውን ሾፌሩን ሣህሉን መንገድ ላይ ጠብቃ አስቆመችው። ሰኞ መንገዱ ላይ ባለው የባቲ ገበያ ከመንደሯ ሰዎች ጋር የምትመጣውን እናቷን አያጣትም።

“ለእናቴ፣ ጀላሉ ተሽሎታል በላት። ከክረምቱ በፊት ያልነው ግን ቀርቷል። እሸቱን ለእኔ ብላ እንዳታቆየው፣ ይደርቅባታል።”

“ሌላስ?” አለ ሣህሉ ሞተሩን እያስነሳ።

አሊማ የጋለውን የመኪና በር በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

“ሌላ የለም። ብቻ ቀስ ብለህ ንገራት።”