እስክልሽ ድረስ

ከክርያት ያም ከተማ ወደ ሃይፋ ወደብ በምሄድበት የጠዋት አውቶቡስ፣ ከሾፌሩ ኋላ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ስማቸውን አላውቅም። ጫማቸው የተወለወለ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ነው። ስልካቸውን ከጆሯቸው አያነሱም፤ አይናገሩም፣ ብቻ ያዳምጣሉ። ግራ መዳፋቸው ጉልበታቸውን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋል።

ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ቦታ አጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት እያለከለከች በአማርኛ ትቆጥራለች። ሠላሳ ስትደርስ ትንሽ ጸጥ ትልና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

«ማን ናት አባባ?» አልኋቸው።

«ተማሪዬ ናት» አሉኝ። «ሐኪም ነኝ። አገር ቤት፣ ጦርነቱ ካለበት ወረዳ፣ በበጎ ፈቃድ ሄደን የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞች ስናሠለጥን ከሁሉም ጎበዟ እሷ ነበረች። ከተመለስሁ በኋላ አንድ ቀን ደወለችልኝ። የቆሰለ ሰው እጇ ላይ ልቡ ቆሞባት ነበር። ‹ሠላሳ ሠላሳ እየቆጠርሽ ደረቱን ተጫኝ፤ በቃ እስክልሽ ድረስ እንዳታቆሚ› አልኋት።»

«ከዚያስ?»

«መስመሩ ተቋረጠ። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን ተመታ፤ የተረፈ ሰው የለም አሉኝ።»

«ታዲያ ይኸ ያን ቀን የተቀዳ ነው?»

«አዎ። ሁለት ዓመት አለፈው።»

ቆጠራው ሠላሳ ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣» አለች ሴትዮዋ፣ «ደከመኝ፤ ላቁም?»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ገና ነው ልጄ፣ አይዞሽ።»

«እሺ» አለችና ከአንድ ጀመረች።