ከደሴ አልወጣም ይል ነበር

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር። ፈቃዱ የደሴ ነው። በባጃጁ ጎን የደሴ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ያ ቁጥር ያለበት ባጃጅ ሰው የሚጭነው ደሴ ውስጥ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ የሐረጎን ገደላማ ቁልቁለት ወርደው የሚደርሱባት ጎረቤት ብትሆንም የራሷ ባጃጆች አሏት። የደሴው እዚያ ወርዶ ቢጭን ይቀጣል፤ የኮምቦልቻውም እዚህ ወጥቶ ቢጭን እንደዚያው። የግድ የሆነበት ሰው ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የመውጫ ወረቀት ያጽፋል።

ሌሎቹ ነጂዎች ይህን ደንብ ሲረግሙ ነው የሚውሉት። ወንድሜ ሲረግመው ሰምቼ አላውቅም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የባጃጅ መቆሚያው ላይ ሰው መጥቶ «ኮምቦልቻ በኮንትራት ትወስደኛለህ?» ሲለው፣ «ፈቃዴ የደሴ ነው፣ ከደሴ አልወጣም» ይላል። ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው የሚለው። እኔ ሕግ አክባሪ ይመስለኝ ነበር። ትንሽም አፍርበት ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። እሱ በተከራያት አንዲት ክፍል አብሬው እኖር ነበር። ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እየመዘገበ ነው ተባለ። በመጨረሻው ቀን፣ ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ሊዘጋ፣ መናኸሪያው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቤንዚን ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ሁሉ ማደያ ተሰልፈዋል። ወደ መቆሚያው ሮጥኩ። የወንድሜ ባጃጅ ቤንዚን ነበራት።

«አውርደኝ» አልኩት።

«ፈቃድ የለኝም።»

«አንድ ቀን እኮ ነው።»

«ባጃጅ ለሐረጎ አልተሠራችም። ለሌላ ሰው ስልክ ልደውልልህ።»

ነጂዎቹ እየሰሙን ነበር። እኔም መስማታቸውን አውቄ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አንተ ጸጉርህን ለመቆረጥም መውጫ ወረቀት ታጽፋለህ» አልኩት። ሳቁ። አንደኛው፣ «ተወው፣ ትራፊክ በሕልሙ እየመጣበት ነው» አለ።

ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። «ግባ» አለኝ።

ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊክ አስቆመን። «መውጫ?» አለ። ወንድሜ ምንም እንደሌለው እያወቀ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ያኔ እኔ ከኋላ አንገቴን አውጥቼ፣ «ወንድማችን ሞቶብን ነው፣ ጌታዬ። ለጀናዛ ልንደርስ ነው» አልኩ።

እስላም ቤት ሬሳ አያድርም። ከተቻለ እዚያው ቀን ይቀበራል፤ ወላጅ እንኳ በጊዜ ካልደረሰ አይጠበቅም። ደሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ ክርስቲያኑም ያውቃል። ትራፊኩ አንገቱ ላይ ማዕተብ ነበረው። ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። «በሉ ፍጠኑ፣ ቀስ እያላችሁ ደግሞ።» በሞት የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ትንሽ እንደሄድን ወንድሜ ዞር አለ። «እኛ እኮ ሁለት ብቻ ነን። ማንኛችንን ነው የገደልከው?»

«አንተን ነዋ። እኔ ምዝገባ አለብኝ።»

ሳቅን። ወላሂ፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ቁልቁለቱ ሲጀምር እሱ ሳቁን አቆመ። ከኋላችን ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚወርዱ ተሳቢዎች ጡሩንባ ይነፉብን ነበር። በየመጠምዘዣው «ቢስሚላህ» ይላል። ብርድ ነበር፤ ሸሚዙ ግን ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ታች ስንደርስ ጥግ ይዞ ቆመና መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ትራፊክ ፈርቶ አያውቅም። ገደሉን ነው የሚፈራው። ሰው ፊት «ቁልቁለት እፈራለሁ» ማለት ለወንድ ልጅ ከባድ ነው፤ «ፈቃዴ የደሴ ነው» ማለት ግን አያሳፍርም። ደንቡ መጠለያው ነበር።

ገብቶኝም አልቆየሁም። ምዝገባ ሊዘጋብኝ ነበር። ወርጄ ሮጥኩ።

ተቀጠርኩ። ቅዳሜ መቆሚያው ላይ ቁጭ ብዬ የጀናዛዋን ነገር ለነጂዎቹ አወራሁላቸው። የትራፊኩን ኮፍያ አወላለቅ ሳይቀር አሳየኋቸው። ወንድሜ ጎማውን የሚያይ መስሎ አጎንብሶ ነበር። ከዚያ በኋላ «ከደሴ አልወጣም» ሲል ይስቁበታል። «ለወንድምህ ስትወርድ ፈቃዱን ከየት አመጣኸው?» ይሉታል። መጀመሪያ የአከራያችንን ዕቃ ኮምቦልቻ አወረደ። ከዚያ ለጎረቤት። ከዚያ ለማንም።

በክረምቱ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሐረጎ ላይ ከመንገድ ወጣ። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ፤ አልሐምዱሊላህ። እሱ አልተረፈም።

የቀበርነው እናታችን በምትኖርበት፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለው ደጋን ነው። ከቀብሩ በኋላ ከፋብሪካ በተመለስኩ ቁጥር እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከወር በላይ ቆይቼ ወደ እናቴ ሄድኩ። ሰፌድ ላይ ማሾ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ለትራፊኩ ያልኩትን ነገርኳት። ወንድሜን በቁሙ ሞተ ማለቴን። መሳቃችንንም።

«ይህን ተሸክመህ ነው የከሳኸው?» አለችኝ። «ሞት በልጅ አፍ ተጠርቶ አይመጣም። ቀኑን የቆረጠው አላህ ነው።» ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እንካ፣ ልቀም።»

ለቀምኩ። ሊቀለኝ ይገባ ነበር። ግን የነገርኳት ቀላሉን ነበር። ይቅር እንደምትለኝ አውቄ ነው እሱን የመረጥኩት።

ሲነጋ ወደ ሥራ ልሄድ ስል በር ላይ ቆምኩ።

«እማ፣ ቁልቁለት ይፈራ ነበር። የመጀመሪያ ቀን አይቻለሁ። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰዎቹ ሲስቁበትም አብሬ ስቄያለሁ።»

እናቴ የጀመረችውን መጥረግ አቆመች።

«ልጅ ሆኖም ዛፍ ላይ አይወጣም ነበር» አለች። «ሲያድግ የተወው መስሎኝ...» ወደ እኔ ዞራ፣ «መውረዱን ልተው ብሎህ ያውቃል?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ። ማታ ልንተኛ ስንል። ነገ ዝናብ ከሆነ አልወርድም አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ሰው ይስቅብሃል አልኩት።»

ቀኑን የቆረጠው አላህ ነው አላለችኝም። ጠበቅኋት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መንገዱን አየች።

«ሂድ» አለች፣ ሳታየኝ። «መኪና ያመልጥሃል።»