የመቅዘፊያው እጀታ

ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ፣ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚወድ ሰው፣ የአባቴን ወንበር ዞሮ ዞሮ አየው። ሰፊውን የእንጨት ክንድ ዳበሰና ከኋላው ጎንበስ አለ። «ይሄ ዘንግ የራሱ አይደለም። የጥንቱን የብረት ዘንግ ብትመልስለት ይሻላል» አለኝ።



ወንበሩ በባሮ ወንዝ ላይ መርከብ ይመላለስ በነበረበት ዘመን እንግሊዞች ትተውት የሄዱት ነው ይባላል። መደገፊያው ከኋላው በተጋደመ የብረት ዘንግ ላይ ያርፋል፤ ዘንጉን በክንዶቹ ጫፍ ከተቀረጹት ጥርሶች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሩት ቀና ወይም ጋደም ይላል። አባቴ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ ጋምቤላ የቀረ መምህር ነበር። ልቡ ከታመመ ወዲህ አልጋ ላይ ሲጋደም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እንቅልፍ የሚወስደው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነበር፣ ሁለተኛው ጥርስ ላይ።

አንድ ክረምት ላይ ጎረቤት ሰው ሞተ። ለቀስተኛ ሽማግሌ እንዲያርፍበት ወንበሩን ያዋሰው ራሱ አባቴ ነው። ወንበሩ በማግስቱ ሲመለስ ዘንጉ የለም። ሌሊት ዝናብና ነፋስ የሐዘኑን ድንኳን ሲያናውጠው የሰፈር ልጆች ዘንጉን ነቅለው ካስማ አድርገው መሬት ላይ ቀጥቅጠውታል።

«ነቅዬ አመጣዋለሁ» አልኩ።

«ተው! ሰልስት ሳይወጣ የሐዘን ድንኳን ይነካል?» አለ አባቴ።

በዘንጉ ቦታ የመወልወያ እንጨት አስገባን፤ ተሰበረ። የአባቴ ከንፈር እየጠቆረ ነበር። ከወንበሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ መደገፊያውን በጀርባዬ ደገፍኩት።

«ግጥም ያጎበጠው ጀርባ ለሥራ ዋለ!» አለ፣ ግጥም ስጽፍ ጎንበስ ብዬ መዋሌን እየቀለደበት፣ እያለከለከ።

ትንፋሹ በእንጨቱ አልፎ አከርካሪዬ ላይ ይሰማኛል። ይቋረጣል፤ እጠብቃለሁ፤ ይመለሳል። ቤት መምታት በራሴ ተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ማዳመጥ ግን ያን ቀን ነው የተማርኩት።

ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ኡቻላ ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ወጣ። ሲመለስ የመቅዘፊያውን እጀታ በልክ ቆርጦ ይዟል። ጥርሱ ላይ ሲያሳርፈው ልክክ አለ።

«ኡቻላ፣ ነገ በምን ልትቀዝፍ ነው?» አለ አባቴ።

«ጋሼ፣ ባሮ ሞልቷል፣ ጀልባ የለም። አንተ ተኛ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛ።

ከሰልስት በኋላ ብረቱ ጭቃ እንደለበሰ መጣ። አባቴ ግን እጀታውን አላስነካም፤ ማንጎ በደረሰ ጊዜ በሞት ያረፈውም እሱን እንደተደገፈ ነው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ብረቱን አሁን በር ከሚደግፍበት አንስቼ ለካሁት። ይገጥማል። መልሼ በሩን አስደገፍኩትና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የዕቃ የራሱ የሚባለው አብሮት የተሠራው ይሁን በችግሩ የደረሰለት፣ እንጃ። ጋደም ስል ግን ከኋላዬ አንድ ጀርባ ያለ ይመስለኛል።